ጠቢብ ብዬ የተረጎምኩት ስም

የባሌ የቤተሰብ ስም ኮቫች ነበር። የእኔም ነው። መታወቂያዬ ላይ፣ የመብራት ደረሰኙ ላይ፣ የሐኪም ቀጠሮዬ ላይ የተጻፈው እሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሰዎችን በስማቸው አልጠራም፤ ግማሾቹ አይገባቸውም፣ ግማሾቹ አይፈልጉም። ይህን አንድ ስም ግን ትቼ ማለፍ አልችልም፤ ጠቡ ሁሉ የተነሳው በእሱ ነውና።

ባሌ የሞተው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2015፣ በሐምሌ ነው። ሜልበርን በሐምሌ እንደ አገራችን ክረምት ነው፤ እኔና ይህች ከተማ ሳንጨቃጨቅ የምንስማማበት ወር እሱ ብቻ ነበር። አሁን እሱንም አልወደውም። የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው። ጥቂት መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ የታጠበ ሳህን መልሼ አጥባለሁ፣ እመለሳለሁ። የሚያጣድፈኝ የለም።

ኮቫች በብዙ የስላቭ ቋንቋዎች ቀጥቃጭ ማለት ነው፤ ብረት በወናፍ አግሎ በመዶሻ የሚመታ ሰው። ባሌ ግን ቀጥቃጭ አልነበረም። ዛሬ ክሮኤሽያ ከሚባለው አገር በስምንት ዓመቱ ከእናት አባቱ ጋር በመርከብ መጣ፤ ካደገ በኋላ ሠላሳ ዓመት ትራም ነዳ፣ ከመሀል ከተማ በፍሌሚንግተን አድርጎ እስከ ማሪቢርኖንግ። እኔንም ያገኘኝ እዚያው ነው። መጽሐፍ ሳነብ መውረጃዬን አልፌ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ቀረሁ፤ «እመቤቴ፣ መጽሐፉ መቼ ነው የሚያልቀው? እኔ ምሳ መብላት አለብኝ» አለኝ። ሚስማር እንኳ መምታት አይችልም ነበር። መተላለፊያችን ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል ለመስቀል ሲታገል የበሳቸው አምስት ቀዳዳዎች አሉ፤ ሥዕሉ ወለል ላይ ቆሞ ቀረ።

ስሙን የሚጋራው ሰው ግን በየመንገዱ ነበር። የቧንቧ ሠራተኛ መኪና ጎኑ ላይ ኮቫች ተብሎ ተጽፎበት ካየ የትራሙን ደወል ይመታል። «ዘመዴ!» ይላል። ዘመዱ አይደለም። አንድ የጥርስ ሐኪም፣ አንድ ሥጋ ሻጭ፣ አንድ ፊቱን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ የለጠፈ የቤት ደላላ፣ ሁሉም «ዘመዶቹ» ነበሩ። በመጨረሻ ሰለቸኝና፣

«ለመሆኑ ይህ ሁሉ ቀጥቃጭ ለማን ነበር የሚቀጠቅጠው? ከገበሬው ሊበልጥ ነው እኮ!» አልኩት።

«ተሳሳትሽ» አለኝ። «የበዛው ጥቂት ስለነበረ ነው።»

ነገሩን እንዲህ አስረዳኝ። መንደሩ በሙሉ ገበሬ ነው። «ገበሬው!» ብለሽ ብትጣሪ መንደሩ በሙሉ ዞሮ ያይሻል። ቀጥቃጭ ግን በየመንደሩ አንድ ነው። ቄሱ ልደትና ሞት ሲመዘግብ፣ ግብር ሰብሳቢው ሲመጣ፣ አንድ ዓይነት የክርስትና ስም ካላቸው አሥር ሰዎች መካከል «የትኛው?» ሲባል «ቀጥቃጩ» ማለት ይበቃል። ልጁም የቀጥቃጩ ልጅ ነው። የልጅ ልጁ መዶሻ ነክቶ ባያውቅም ስሙ መዝገቡ ላይ ደርቆ ይቀራል። በሺህ መንደር ሺህ ቀጥቃጭ ማለት እንግዲህ እርስ በርሳቸው የማይዛመዱ፣ ስማቸው ግን አንድ የሆነ ሺህ ቤተሰብ ማለት ነው። በክሮኤሽያም በስሎቬኒያም ኮቫች በየደጁ የሚገኘው ለዚህ ነው። ፖላንዶች ኮቫልስኪ ይሉታል፣ ዩክሬኖች ኮቫሌንኮ፤ ሥሩ ያው ነው። ሩሲያዎች በሌላ ቃል ኩዝኔትሶቭ ይላሉ፤ ሙያው አልተለወጠም። ሀንጋሪዎች ስላቭ እንኳ አይደሉም፤ ቃሉን ከስላቭ ጎረቤቶቻቸው ተውሰው አገራቸውን በኮቫች ሞሉት። የእንግሊዞቹን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስሚዝ የማይኖርበት የአውስትራሊያ መንገድ ካለ አሳዩኝና ልይ።

ይህን የሚያህል የተከበረ እውነት ለአንዳንድ ሰው አይበቃውም። የባሌ የአጎት ልጅ፣ ከስሙ ጋር አብሮ የመጣ የመኳንንት ዘር መፈለግ አማረውና፣ የቤተሰብ አርማ ነው ተብሎ በኢንተርኔት የሚሸጥ አንድ ሰሌዳ ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ ሰቀለ። አንበሳ አለበት፣ ጋሻ አለበት፣ ዘውድ አለበት። ባሌ ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየና «አባቶቻችን ጋሻ ይሠሩ ነበር እንጂ ጋሻ አልነበራቸውም» አለው። የአጎቱ ልጅ ለሁለት ወር አኮረፈ።

እኔ በዚያ ሰው እስቃለሁ፤ ግን የእኔ ሥራ ከእሱ የከፋ ነው።

የተወለድኩት በአንዲት የገበያ ከተማ ነው። የእኛም ከተማ ቀጥቃጭ ነበረው፣ አንድ። ቤቱ ከሌላው ሰው ቤት ተነጥሎ፣ ወደ ወንዙ መውረጃ ላይ ነበር። እናቴ ሽንኩርት የምትከትፍበት ቢላ፣ የጎረቤቶቻችን ማረሻና ማጭድ፣ በራችን የተዘጋበት ማጠፊያ፣ ሁሉም ከእሱ እጅ የወጣ ነው። ቢላው ሲደነዝዝ እናቴ እኔን ትልከኛለች፤ ስትልከኝም «ዓይኑን አትዪው፣ የሚበላ ነገር ይዘሽ አትሂጂ» ትላለች። ሒሳቡን እጁ ላይ አላኖርም፤ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ እላለሁ። እሱም ይህን ስለሚያውቅ ዞር ብሎ ይጠብቃል። ያ ዞር ማለቱ ነው ዛሬ የሚታየኝ። የእኛ ሰው ቀጥቃጭን ቡዳ ይለዋል፤ ሌሊት ጅብ ሆኖ ያድራል፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ይለዋል። ከዚያ ሄዶ በእሱ ማረሻ አርሶ፣ በእሱ ማጭድ አጭዶ፣ በእሱ ቢላ ቆርሶ ይበላል። በየመንደሩ አንድ ቀጥቃጭ እኛም ነበረን። የቤተሰብ ስም ቢኖረን ኖሮ እንደ ኮቫች በየመዝገቡ ይሞላ ነበር። ስም አናወርስም፤ ንቀት ግን እስከ ሰባት ቤት እናወርሳለን።

ሳገባ የባሌን ስም ያዝኩ። በእኛ ዘንድ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም፤ እኔ ግን ወደድኩት። የባሌ እናት ኮቫቺጻ ትለኝ ነበር፤ የቀጥቃጭ ሚስት ማለት ነው። ድስት እያማሰለች «ነይ፣ ኮቫቺጻ፣ ጨው ቅመሺልኝ» ስትል የሹመት ስም ይመስል ነበር። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ይህን ሲሰማ ስልክ ደወለ።

«የአባታችንን ስም በምን ለወጥሽው?»

«በስም።»

«ትርጉሙ ምንድን ነው?»

እኔም፣ አሥራ ሁለት ዓመት ልጆች አማርኛ ያስተማርኩ ሴት፣ ሳላስብ «ጠቢብ ማለት ነው» አልኩት።

ውሸቱ የተማረ ሰው ውሸት ነበር። በድሮው አነጋገር ጠቢብ በእጁ የሚጠበብ ባለሙያ ማለትም ነው። ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪውን የምንሰድብበት ጠይብ የሚለው ቃል ከዚያው ከጠቢብ የወጣ ነው፤ ጥበቡን ጥለን ስድቡን አስቀረን። ስለዚህ ማንም መጽሐፍ ገልጦ ሊያሳፍረኝ አይችልም ብዬ ተጽናናሁ። ወንድሜም «ጠቢብ! ጥሩ ነው፤ ደህና ቤተሰብ ነው» አለ። ባሌ አጠገቤ ቆሞ ሻይ እየጠጣ ነበር። አማርኛ አይሰማም። «ምን አለ?» አለኝ። «ስምህ ጥሩ ነው አለ» አልኩት። ደስ አለው።

ባሌን ባገባሁ በአራተኛው ዓመት እህቴ ሞተችና ልጇን አመጣናት። ሰባት ዓመቷ ነበር። እኔን እማ አለችኝ፤ እሱን መጀመሪያ ሚስተር፣ ከወር በኋላ ዳዲ። እሱ ከሥራ መልስ አስኮት ቬል ካለው ትምህርት ቤቷ ያመጣታል፤ ፀጉሯን መሥራት ከእኔ ተምሮ በጣም መጥፎ አድርጎ ይሠራታል፤ እሷም ቅር እንዳይለው ብላ ቀኑን ሙሉ እንደዚያው ትውላለች። ትምህርት ቤት ኮቫች ተብላ ተመዘገበች። ዛሬ የምትሠራበት ክሊኒክ ደረቷ ላይ የሚያንጠለጥሉላት ባጅም ኮቫች ይላል።

እጮኛዋ ደህና ልጅ ነው፤ ኢንጂነር ነው፣ ከመጣ ስድስት ዓመቱ ነው። እናት አባቱ አገር ቤት ስለሆኑ እዚህ የሚቆሙለት አጎቱና አክስቱ ናቸው፤ ወንድምና እህት፣ ሁለቱም ፍሌሚንግተን ካሉት የመንግሥት ፎቆች ውስጥ የሚኖሩ፣ ሁለቱም ወንጌል አማኞች። ባሌ በሕይወት እያለ ለሽምግልና መጥተው ነበር። ያኔም አጎትየው፣ በእድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ የምላቸው፣ ስለ ስሙ ጠየቁኝ። ውሸት አንዴ ከተናገሩት ሁለተኛው ቀላል ነው። «ጠቢብ ማለት ነው» አልኩ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «አሜን፣ ጥበብን ይስጣቸው» አሉ። ባሌ ከሶፋው ላይ ሆኖ ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ እስከ ዛሬ አልቻልኩትም።

እሱ ከሞተ በኋላ ሰርጉ ለመጋቢት ተቆረጠ። የጥሪ ካርዱን ረቂቅ እኔው ጻፍኩት። ልጃችንን ስንድር ተገኙልን የምንለው እኔና ሟቹ ባሌ ነበርን፤ ሁለታችንም ኮቫች። ከዚህ ሌላ ምንም አልፈለግኩም። ያቺን ልጅ ያሳደገ ሰው በሰርጓ ቀን ስሙ ይኑር፤ ይኸው ነው።

ረቂቁን በላክሁ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሼና እህታቸው በሬን አንኳኩ። ሻይ አቀረብኩ፣ ኬክ ቆረስኩ። ስለ አየሩ ተነጋገርን። ስለ ሐዘኔ ጠየቁ። ከዚያ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እህቴ፣ የመጣነው ስለ ካርዱ ነው።»

«ምን ሆነ ካርዱ?»

እህታቸው ስልካቸውን ከቦርሳቸው አወጡ። የሙሽራው ወንድም ስሙን ጎግል አድርጎት ነው። የቤተሰብ ስሞች ከየት እንደመጡ፣ የት አገር እንደሚበዙ የሚናገር አንድ ገጽ አለ። ካርታ አለበት፤ ስሙ የበዛበት አገር ቀይ ነው። ከካርታው በላይ ትርጉሙ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ሴትየዋ ስልኩን ወደ እኔ አዙረው በሹክሹክታ፣ የበሽታ ስም እንደሚጠራ ሰው፣

«ብላክስሚዝ ይላል» አሉ።

«አዎ።»

«ቀጥቃጭ ማለት እኮ ነው!»

«እንግሊዝኛዎት በጣም ተሻሽሏል።»

ጋሼ ጣልቃ ገቡ። «አንቺ ጠቢብ ነው ብለሽን ነበር።»

«ጠቢብ ነው። ጠይብ የሚለው ቃል ከየት የመጣ ይመስልዎታል፣ ጋሼ?»

ጋሼ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ያውቁታል። ሻያቸውን አማሰሉ። «አሁን የቃል ፍቺ ውስጥ አትክተቺን» አሉ።

በዚህ መካከል አንድ ነገር አየሁ። ሴትየዋ ከኬኩ አንድ ጉርሻ ሊጎርሱ ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን፤ ወዲያው ሳህናቸውን በሶፍት ሸፈን አደረጉና ወደ መስኮቱ ዞረው ጎረሱ። ሃያ ዓመት ሜልበርን ኖረዋል። በየሳምንቱ ሐኪም ያያቸዋል፣ በባቡር ይሄዳሉ፣ የልጅ ልጆቻቸውን በቪዲዮ ያነጋግራሉ። እና የሟቹ የትራም ነጂ ሚስት ኬካቸውን በዓይኗ እንዳትበላው ይሸፍናሉ። ደግሞ እኮ ኬኩን የጋገርኩት እኔ ነኝ። ወንበሬን ትንሽ ወደ ፊት ሳብኩና አፋቸውን ትኩር ብዬ ማየት ጀመርኩ። ቀሪውን አልነኩትም።

«ጋሼ፣» አልኩ ዓይኔን ሳላነሳ፣ «ፋብሪካ ሲሠሩ የነበረው አለቃዎ፣ ሁልጊዜ የሚያመሰግኑት፣ ማን ነበር ስሙ?»

«ሚስተር ስሚዝ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ጨዋ ሰው።»

«ስሚዝ ማለትስ ምን ማለት ነው?»

«እሱማ ፈረንጅ ነው» አሉ።

«ባሌስ? ጎጃሜ ነበር?»

«ባልሽም ፈረንጅ ነው፣ ነፍሱን ይማር። እሱን ማን ነካው? ፈረንጅ ቀጥቃጭ ቢባል ፈረንጅ ነው። አንቺ ነሽ እንጂ ሐበሻዋ። ሐበሻ ሴት ቀጥቃጭ ተብላ ካርድ ላይ ስትጻፍ፣ ሰው ከባሏ ነው የመጣው ብሎ አይቆምም። ከእሷ ነው ይላል። ከዚያ ልጅቷ የእህትሽ ልጅ ናት። ከዚያ የእኛ ልጅ የሚወልዳቸው . . .»

አልጨረሱትም። መጨረስም አላስፈለጋቸውም። የስም ቀለም ከክሮኤሽያ መንደር ተነስቶ፣ በመርከብ ተሻግሮ፣ በአንድ የማዘጋጃ ቤት ፊርማ ደሜ ውስጥ ገብቶ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ የሞተች እህቴን አጠይቦ፣ ገና ያልተወለዱ ሕፃናት ላይ ሲደርስ አየሁት። እንዲህ ያለ ትምህርት የትም ዩኒቨርሲቲ አይሰጥም።

«እኛስ እናውቃለን፣ እህቴ» አሉ ሴትየዋ። «በጌታ ሁላችን አንድ ነን። ሰው ነው እንጂ። ሰው ያወራል። ጸልየንበታል።»

ይህን «ሰው» የሚባለውን ሰው ፈልጌ አጥቼዋለሁ። በሁሉም ቤት ስሙ ይነሳል፣ በየሰርጉ ይፈራል፣ በየለቅሶው ይጠነቀቁለታል፤ ቤቱ የት እንደሆነ ግን የሚነግረኝ የለም። ሁልጊዜ እንግዶቼ ከሄዱ በኋላ እሱ ራሱ ሻይ ጠጥቶ መሄዱ ይገባኛል።

«ምን ላድርግላችሁ?» አልኩ።

ቀላል ነው አሉ። እኔ በአባቴ ስም ልጻፍ። ባሌን፣ ሟች ስለሆነ፣ መጻፍ አያስፈልግም። ሙሽራዋ በመጀመሪያ ስሟ ብቻ ትጻፍ፤ ዘመናዊ ነው። እሷም ተስማምታለች።

የመጨረሻውን ሲናገሩ ነው ዓይኔን ከኬኩ ያነሳሁት።

በማግስቱ ልጅቷን ማሪቢርኖንግ የገበያ አዳራሽ አገኘኋት፤ ጫማ ልትለካ ቀጠሮ ይዘን ነበር። አንድ እግሯ ነጭ ጫማ ውስጥ፣ ሌላው ባዶ።

«ተስማምተሻል አሉኝ።»

«እማ፣ ኢትስ ጀስት ኤ ካርድ። ሰው አይቶ ይጥለዋል።»

«ከጣለው ታዲያ ስሙ ቢኖር ምን ነበረበት?»

«ዳዲ ቢኖር ራሱ አውጡኝ ነበር የሚለው። ዩ ኖው ሂም። ጭቅጭቅ አይወድም።»

የናደደኝ እውነት ስለሆነ ነው። አውጡኝ ይል ነበር፤ «ምን ቸገረኝ፣ ኬኩን ስጡኝ» ይል ነበር። ግን እሱ ይህን የሚለው ስሙ ጥሩ ነው እንደተባለ እያመነ ነው። ያሳደገችኝ አገር ያስተማረችኝን ቁጣ ሁሉ ልጅቷ ላይ አወረድኩት፤ ጫማ ሻጩ እስኪሸሽ ድረስ። ፈሪ አልኳት። ስምሽን ለአንድ የኬክ ሳህን ሸጥሽው አልኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። ከዚያ ጫማውን አውልቃ፣ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣

«ጋሼ አንቺ ጠቢብ ነው እንዳልሽ ነገሩኝ። እኔን ዳዲ ልጅ ሆኜ ነው የነገረኝ፤ ብላክስሚዝ ነው ብሎ። ለምንድን ነው ጠቢብ ያልሽው?» አለችኝ።

መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ስለ ቃሉ ሥር፣ ስለ ጠቢብና ስለ ጠይብ። አፌ ድረስ መጣ።

«አፍሬ ነው» አልኩ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካገባሁት ጀምሮ።»

«ሁሌም? ትዌንቲ ይርስ?»

«ሁሌም።»

«እና እኔን ነው ፈሪ የምትዪኝ» አለች። ሳጥኑን ዘጋች። ጫማውን ሳንገዛ ወጥተን ትራሙ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

ቤት እንደገባሁ ጋሼ ጋ ደወልኩ። «ጠቢብ ያልኩት ውሸቴን ነው» አልኳቸው። «ቀጥቃጭ ነው። በደንብ የታወቀ ቀጥቃጭ። እኔ የቀጥቃጭ ሚስት ነኝ፤ ለሚጠይቅዎት ሁሉ እንዲህ ይበሉ። በአባቴ ስም ግን አልጻፍም። አባቴ ልጅቷን አያውቃትም፤ ከመወለዷ በፊት ሞቷል። ያሳደጋት ሰው ካልተጻፈ እኔም አልጻፍ።»

«እህቴ፣ አትቆጪ . . .»

«አልተቆጣሁም፣ ጋሼ። ተቆጥቼማ ቢሆን ኬክ ይዤ እመጣ ነበር።»

ካርዱ «የሁለቱ ሙሽሮች ቤተሰቦች» ብሎ ወጣ። የማንም ስም የለበትም። ወርቃማ ቀለም፣ ሁለት ርግብ፣ ሁለት የመጀመሪያ ስም። ጋሼና እህታቸው ትልቅ እርቅ እንደፈጸሙ ሰዎች ለሁሉም አደሉት። ለእኔም አንድ በፖስታ መጣልኝ፤ እንደ እንግዳ። ልጅቷ በየሁለት ቀኑ ትደውላለች፤ ስለ ምግቡ፣ ስለ መኪናው፣ ስለ አበባው። ስለ ስሙ አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም። ልቤ ግን አልተመለሰላትም፤ ይህን አልደብቅም። ባሌ ካርድ ላይ ባለመኖሩ ሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩት መሰለኝ፤ ሁለተኛው ቀብር ላይ ደግሞ የሚያጽናና አልመጣም።

የሰርጉ ቀን ከሰው ሁሉ ቀድሜ ደረስኩ። አዳራሹ ማሪቢርኖንግ ወንዝ አጠገብ ነው። በር ላይ እንግዳ ሁሉ ጠረጴዛውን የሚፈልግበት ትልቅ ሰሌዳ ቆሟል፤ በእንግሊዝኛ፣ በቤተሰብ ስም ቅደም ተከተል፣ ከኤ እስከ ዜድ። የሠራችው ልጅቷ ናት። በኋላ ሙሽራው እንደነገረኝ፣ እሱ በመጀመሪያ ስም ይሁን ብሎ ነበር፤ እሷ እምቢ ብላ ማታ ማታ ብቻዋን ስትጽፍ ሰነበተች።

የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም። በዚያ ሰሌዳ ላይ ሐበሻው ሁሉ በአባቱ ስም ተበትኗል፤ ባል በኤ፣ ሚስት በቲ፣ አማት በዋይ። እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት። መሀል ላይ፣ ኬ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ኮቫች። ኮቫች። ኮቫች። ባለ አርማው የአጎት ልጅ፣ ሚስቱ፣ አራት ወንዶች ልጆቹ፣ የልጆቹ ሚስቶች፣ ሁለት የልጅ ልጆቹ፣ ከጂሎንግ የመጡ አንዲት አሮጊት ዘመድ፣ እኔ። ቆጠርኩ፤ አሥራ አምስት። ሰሌዳው ላይ ያን ያህል የበዛ ስም አልነበረም፤ የሙሽራው ወገን በሙሉ ተሰብስቦ ከእሱ አጠገብ አይደርስም። ከአሥራ አምስቱ መካከል አንዷ ሙሽራዋ ራሷ ናት። ሙሽራ ጠረጴዛዋን በሰሌዳ አትፈልግም፤ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እሷ ግን ጽፋዋለች። ሙሉ ስሟን፣ ኮቫች፣ ጠረጴዛ አንድ።

ለምን እንዳደረገችው አልጠየቅኳትም። መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩ።

እንግዳው መምጣት ጀመረ። ሁሉም ሰሌዳው ፊት እየቆመ በጣቱ ይፈልጋል፤ ጣት ሁሉ በኮቫቾች ላይ ያልፋል። አንድ ወጣት «ሁ አር ዚዝ ፒፕል?» ብሎ ጓደኛውን ጠየቀ፤ «የሙሽራዋ ዘመዶች ናቸው፣ ብዙ ናቸው» አለው። ጋሼ መጡ፣ ሰሌዳውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ለጌታ ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ጠረጴዛቸውን አልፈለጉም። እህታቸው ግን ቀሩ። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ፈለጉ፤ ጣታቸው ኬ ላይ ሲደርስ እየዘለለ ያልፋል፣ እንደ ትኩስ ምጣድ። በመጨረሻ ከእኔ ሌላ የሚጠይቁት ሰው አጡ።

«እህቴ፣ የእኛን ስም አጣሁት። ዓይኔም ደከመ።»

«በየትኛው ፊደል ነው የሚጀምረው?»

«በኤል።»

ጣታቸውን በቀስታ ያዝኩና ሰሌዳው ላይ፣ ከአሥራ አምስተኛው ኮቫች ሥር አኖርኩላቸው።

«ከእኛ በታች ነዎት፣ እትዬ» አልኳቸው። «ትንሽ ዝቅ ይበሉ።»